ጆሮ ለብረት

ከዚራ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጥላው ራሱ አልቦታል፤
የጎረቤቴ ውሻ ቧንቧ ሥር ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል።
ወይዘሮ ፈርዶሳ ገባች፣ በሻርፗ ጠቅልላ ሣጥኑን፣
እንደ ትኩሳታም ልጅ ታቅፋ፤ ላብ አልብሶት ፊቷን።

"ይጮኻል" አለች። "ምን ብሎ?"
"ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደሞ ቀጭ ይላል ቀጥሎ።"
"ወድቆ ያውቃል?" "በጭራሽ።" (ሁሉም የሚለው ይሄንኑ ነው፤
ጥጉ ላይ ያለውን ስንጥቅ አይተን እንዳላየን አለፍነው።)

ክዳኑን ፈታሁ፤ ውስጡ አቧራ፣ የደቻቱ አሸዋ መስሎ፣
በማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ሱፍ ተጠቅልሎ።
ብዙ ጊዜ ሌባው እሱ ነውና፣ መጀመሪያ እሱን ጠረጠርኩት፤
በስቴኪኒ ክንፉን ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩት፤
ቀጭ... ቀጭ... ድምፁ አልሄደም። በነጻ ለቀቅኩት።
ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፤
ቀጭ... ቀጭ... ቤት ተሳስቶ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ጋሽ ሀብተየስ ደጃፌ ላይ ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር፣ በመዶሻ መንኮራኩር ሲመታ ኖሯል።
"ደህና ብረት ይዘምራል" ይላል፤ "ስንጥቅ ያለበት ይታፈናል፤
እኔ ካልሰማሁት ኤረር ሳይደርስ ሰው ይፈጃል።"
ዛሬም ተነሣ። "ሬዲዮኑን ዝጋ፤ ያ ባለባጃጅም ሞተሩን ያጥፋ በል።"

የካቻቢቴውን እጀታ ከጆሮው ጀርባ፣ ከአጥንቱ አስጠግቶ፣
ጫፉን ከዲስኩ ገላ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጫቱን ተፍቶ፣
ቆየ።
ፈርዶሳ የሻርፗን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።
ቆየ።

"ዙረቱ ደህና ነው" አለ፤ "ጎማው አልታመመም።
ውስጡ እንደ ሸክላ መርፌ ነገር አለ፣ አይደለም?
እሱ ነው መንገድ የጠፋው፤ ይሄዳል፣ ይፈልጋል፣ አያገኝም፤
ተመልሶ ጣቢያው ጋ ይጋጫል፤ ደሞ ይነሣል፤ አይደክመውም።"
ኮሌጅ ሁለት ዓመት የከፈልኩበትን ነገር
ሽማግሌው በአንድ ጆሮው (ግራው ከድሮ አይሰማም) ጨረሰው በሦስት መስመር።

"ምን አለበት?" አልኳት። "ጉርድ ፎቶ" አለች፤ "የአሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሚኒስትሪ፣ ለፓስፖርት።
ሰው ሲሞት ይመጡብኛል፤ 'ሌላ ፎቶ የለውም' ይላሉ፤
'ያቺኑ ጉርድ አሳድጊልን፣ ለለቅሶው' ብለው ይለምናሉ።
እኔ ነኝ 'አትሳቅ' ያልኩት፤ 'ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ' ያልኩት፤
ያንን ኮስታራ ፊት ይዘው ነው በየድንኳኑ የሚያለቅሱት።"

"እንግዲያው አሁን አይነካም" አልኩ። "ሙቀቱ ይብረድ፤ ማታ
አንዴ ብቻ እናስነሣዋለን። ምርመራ የለ፣ የጥገና ጋጋታ፤
የሚያጣጥር ሰው አይመከርም፤ ኑዛዜው ነው የሚጻፈው።
ያስቀመጠውን ይናገር፤ የኛ ሥራ መቅዳት ብቻ ነው።"

ሌሊት ነፋስ መጣ። መብራት እንዳይጠፋ ሦስታችንም በየእምነታችን ለመንን፤
ፈርዶሳ በለስላሳ ሣጥን ላይ፣ እኔ መሬት፣ ቁጥሩ ሲወጣ አየን፦
አርባ። አርባ አንድ። ቀጭ። አርባ አንድ። አርባ አንድ። አርባ አንድ።
ሃምሳ።
ስልሳ ሦስት ላይ ሲደርስ ሳል የያዘው ሰው መሰለ፤
ቀጭ፣ ቀጭቀጭ፣ ቀጭ... ከዚያ ምንም አላለ።
ጋሽ ሀብተየስ በጥፍሩ ጀርባ መታ መታ አደረገው፤
"ሐዲዱ እዚህ ድረስ ነው" ብሎ ከዘራውን ፈለገው።

"የትኞቹ ቀሩ?" አለች። ፋይሉ ቁጥር እንጂ ስም የለው፤
የቱ ጎረቤት እንደ ዳነ፣ የቱ እንደ ጠፋ ማን ሊያውቀው?
የመጨረሻዋን ከፈትኩ፤ ተጎርዳ የመጣች ጉርድ፤
ግንባር፣ ቅንድብ፣ ሁለት ዓይን፤ ከአፍንጫው በታች አመድ።

ፈርዶሳ ተጠጋች። "ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ" አለች፤
"የጋራዡ ልጅ፤ አምስት ጊዜ አትሳቅ ብዬዋለሁ" እያለች
ስክሪኑን በጣቷ ነካች፣ አፉ ሊሆን የሚገባው ላይ፣ ከግራጫው፤
"ዓይኑን እየው" አለችኝ፤ "ዛሬም አልሰማኝም፤ እየሳቀ ነው።"

ዲስኩን ነቀልኩት። እጄ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።